ባሻ አፉን ዘጋ

አራሚዋ ዓሦቿን ለወንድሟ አደራ መስጠቷ በተሰማ ጊዜ፣ ጎረቤቷ ሁሉ ሐኪም ቤት የሚያስገባት ጉልበቷ ሳይሆን ጭንቅላቷ መሆን አለበት ብሎ አማት። አይፈረድበትም። ሴትየዋ አደራ መቀበል እንጂ መስጠት አታውቅም። ዕድሜዋን ሙሉ ማተሚያ ቤት ውስጥ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ የሰው ስህተት ስትለቅም ኖራ ጡረታ ወጥታለች፤ ለቀማው ግን ጡረታ አልወጣም። የሱቅ ማስታወቂያ ታርማለች፣ የመድኃኒት መመሪያ ታርማለች፣ ከሁሉም አብልጣ ደግሞ የታናሽ ወንድሟን ኑሮ ታርማለች።

ወንድምየው ፀጉሩ የሸበተ፣ የራሱ ክሊኒክ ያለው የጥርስ ሐኪም ነው። እናታቸው በልጅነቱ ስለሞተች ያሳደገችው እሷ ናት፤ ስለዚህ ለእሷ እስከ ዛሬም «ማሙሽ» ነው፣ ያውም በሕመምተኛ ፊት። የተመረቀ ዕለት ዲግሪውን ከእጁ ላይ ወስዳ «ትጥለዋለህ» ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ዛሬም ያለው እሷ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። የክሊኒኩ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፎቶ ኮፒው ነው።

እንግዲህ ይህች ሴት ጉልበቷ ቀዶ ጥገና ሲያስፈልገውና ሌላ ከተማ ሄዶ መታከም ግድ ሲሆንባት፣ ሁለቱን ዓሦቿን ከነመስታወት ሳጥናቸው ክሊኒኩ ማረፊያ ክፍል ውስጥ አስተከለች። ወንድሟ ወደ ቤቱ ልውሰዳቸው ቢል «አንተ ቤትህን የምታውቀው ለእንቅልፍ ነው» ብላ ዘጋችው።

ዓሣ ሲባል ለሻይ ቤት ጌጥ የሚሆኑት ቀያይ ትናንሾች እንዳይመስሏችሁ። የእሷዎቹ ሲክሊድ ከሚባለው የአፍሪካ ሐይቆች ወገን ናቸው፤ ከዚያም ውስጥ አዳኞቹ። አፋቸው እንደ ቦርሳ ይከፈታል፣ ከእነሱ ያነሰ ዓሣ ካዩ አይምሩም። ትልቁ ባሻ ይባላል። ከሐኪሙ መዳፍ የሚተርፍ፣ ቢጫ ሰውነቱ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ያለበት፣ ሰውን በጎን ዓይኑ ገልመጥ የሚያደርግ ኩሩ ፍጡር ነው።

«ልብ ብለህ ስማኝ» አለችው አራሚዋ፣ ሻንጣዋ በር ላይ እየጠበቃት። «ነጠብጣብ ያለው ሁሉ አንድ አይደለም። ነጠብጣቡ ትልልቅ ሆኖ ተራ ከያዘ ቀጭኔ ነው የሚባለው። ከተዝረከረከ ግን እንቅልፋሙ ነው። እንቅልፋም ያሉት አሸዋ ላይ በጎኑ ተጋድሞ የሞተ ስለሚመስል ነው። ትናንሾቹ ሬሳ አገኘን ብለው ሊቀምሱት ሲጠጉ ብድግ ይልና ይበላቸዋል። ባሻ እንቅልፋም ነው። ወንድ እንቅልፋም። ነጋዴው ቀጭኔ ብሎ ነበር የሸጠልኝ፤ አረምኩት።»

ሐኪሙ ባሻን አየው። ነጠብጣቡ ለእሱ ዓይን ተራ የያዘ ነበር። «ቀጭኔ አይመስልም እንዴ?» አለ ፈራ ተባ እያለ።

«አንተ ጥርስህን ንቀል።»

ሁለተኛው ዓሣ ከወር በፊት የገዛችው ነው። ፊቱ ሰማያዊ፣ ግንባሩ ላይ ቢጫ ቀለም የፈሰሰበት፣ የሠርግ ልብሱን ማውለቅ የረሳ የሚመስል ስለሆነ ሙሽራው ብላዋለች። እሱን ቀጭኔ ነው ብላ ፈርዳለች፤ ወንዶቹ ሲጎለምሱ ነጠብጣባቸውን ጥለው ሰማያዊ ይሆናሉና። ባሻ ታዲያ ወንድ ከሆነ ለምን ሰማያዊ አልሆነም ብሎ ሐኪሙ ጠየቀ።

«ዘግይቶ የሚበስል አለ» አለች። «አንተስ መቼ ቶሎ በሰልክ?»

በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ እንደገና አየችው። «ማሙሽ፣ አደራዬን» አለች፤ ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው የትእዛዝ አልነበረም። የክሊኒኩ ነርስ ዕቃ ስታጥብ ሰምታ ሳቋን ዋጠች። ሐኪሙም ሳቅ አለ፤ ነገሩ ግን ሆዱ ገብቷል። ከእህቱ እጅ የተቀበለው የመጀመሪያው አደራ ይህ ነበር። ባሻ ቢሞትበት እንደማትቆጣው ያውቃል። ብትቆጣ ይሻለው ነበር። ዝም ነው የምትለው፤ ዝም ብላ እምነቷን እንደ ዲግሪው መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች፣ ከዚያ በኋላም አታወጣውም። በዚህ ዕድሜው እህቴ ትመነኝ ብሎ መጨነቁ ራሱን አሳፈረው፤ ቢያሳፍረውም መጨነቁን አልተወም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደ ሠርግ አለፉ። ጥርሱን ታሞ ፊቱን አጨማዶ የመጣ ሁሉ መስታወቱ ፊት ሲቀመጥ ሕመሙን ይረሳል። ባሻ ከድንጋዩ ጥግ አድብቶ ቆይቶ ምግቡ ሲወረወርለት አፉን ቦግ አድርጎ ከፍቶ ሲውጠው፣ አንዷ ሕመምተኛ «ይሄ ነው ጤነኛ መንጋጋ» ብላ ቀናች። ሐኪሙም ሳያስበው ወደደው። ጠዋት ሲገባ ከነርሷ በፊት ለባሻ ሰላምታ መስጠት ጀመረ። ነርሷም ይህን ታዝባ «እኔም ነጠብጣብ ላውጣ እንዴ ዶክተር?» አለችው።

ሥራ ሲያበቃ ስልክ ይደወላል። አራሚዋ ናት። ሰላምታ የለ፣ ጉልበቴ እንዲህ ሆነ የለ፣ መጀመሪያ የምትለው «በላ?» ነው።

«በላ» ይላል ሐኪሙ። እውነቱን ነበር።

አንድ ጠዋት ሙሽራው አሸዋውን በአፉ እየቆፈረ ጎድጓዳ ሠራ። ከዚያ ባሻ ፊት ክንፉን ዘርግቶ፣ ሰውነቱን እያንቀጠቀጠ መዞር ያዘ። ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ተራውን ረስቶ ቆሞ ያይ ነበር። ማታ ሐኪሙ ለእህቱ ነገራት።

«ድንበር ነው» አለች በእርግጠኝነት። «ሁለት ወንድ አንድ ቤት ውስጥ ካለ የድንበር ጠብ አይቀርም።»

«የሚደንስ ነው የመሰለኝ፣ እታለም።»

«ለጦርነትም ይደነሳል። ሌላ ሥጋት አይግባህ፤ ቀጭኔና እንቅልፋም ወገናቸው ለየቅል ነው።»

ከዚህ በኋላ ነው ጉድ የፈላው። ባሻ ምግብ እምቢ አለ። የሚወደውን ወረወሩለት፤ ገልመጥ አድርጎ አይቶት ወደ ድንጋዩ ጀርባ ገባ። በማግሥቱም እንደዚያው። ሦስተኛው ቀን ላይ ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ሲያየው የታችኛው መንጋጋው አብጧል። አፉ ግጥም ብሎ ተዘግቷል፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ምንም ሳይኖር ያላምጣል።

ሌላ ሰው ቢሆን ምን እንደሚል አይታወቅም። ዕድሜውን ሙሉ ያበጠ መንጋጋ ሲያይ የኖረ ሰው ግን ያበጠ መንጋጋ ሲያይ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚታየው። «መግል ቋጥሯል» አለ ሐኪሙ። «ማላመጡም የሕመም ነው። ሲያመው ነው የሚያፋጨው።»

«ጥርስ አለው እንዴ?» አለች ነርሷ።

«ጥቃቅን አለው። መግል ለመቋጠር ግዙፍ ጥርስ አያስፈልግም።»

ነርሷ መስታወቱ ላይ ተጠግታ ባሻን አስተዋለችው። «ፊቱ ግን የታመመ ሰው ፊት አይደለም» አለች። «ሐሜት ይዞ የሚያወጣበት ያጣ ነው የሚመስለው።»

ዓሣ ነጋዴው ጋ ቢደውል፣ ድንጋይ ውጦ ይሆናል፣ ይህ ወገን ሲስገበገብ ያደርገዋል አለው። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከሞተም አይጨነቁ ዶክተር፤ ቁርጥ እሱን የሚመስል አመጣልዎታለሁ። እትዬ አይለዩትም» አለ። ሐኪሙ ስልኩን ይዞ በረጅሙ ተነፈሰ። ከሩቅ የተዘለለች አንዲት ነጥብ የምታይ ሴት፣ ያሳደገችውን ዓሣ ላትለይ! ነጋዴው የሚያውቃት አልመሰለውም።

ማታ ስልኩ ጮኸ። «በላ?»

ሐኪሙ አፉን ከፈተ፤ እውነቱ ጉሮሮው ድረስ መጥቶ ነበር። «በላ!» አለ።

«ምን ያህል?»

«እንደ ጅብ።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የሐኪሙ ስንቅ ቶሎ ነው ያለቀው። በየማታው ባሻ የበላውን ሲያበዛ ሲያበዛ፣ አንድ ቀን አራሚዋ «እንዲህ ከበላማ ሊፈነዳ ነው፤ ሲበላ ቪዲዮ ቅረጽና ላክልኝ» አለችው። «ስልኬ ተበላሽቷል» አለ ሐኪሙ፣ በስልኩ። አራሚዋ ሐኪሞቹ ጉልበቷን እንደወደዱት፣ ሰሞኑን እንደምትመለስ ነግራው ዘጋች። የትኛው ቀን እንደሆነ አልተናገረችም። ሐኪሙ የዚያን ማታ እራቱን እንደ ባሻ ሳይነካው ተወው።

ባሻ ከስቶ ነበር። ሆዱ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ጭንቅላቱ ብቻ ትልቅ ሆኖ፣ መንጋጋው ከዕለት ወደ ዕለት ሲያብጥ ሳምንታት አለፉ። ሐኪሙ መድኃኒት ውሃ ውስጥ ቢጨምር ሙሽራውን እንዳይጎዳ ፈራ፤ ዝም ብሎ ማየቱ ደግሞ አንጀቱን በላው። ሲያነብ ሲያነብ ግን አንድ ነገር አገኘ። ዓሣን ለጥቂት ጊዜ የሚያደነዝዘው የቅርንፉድ ዘይት ነው። የቅርንፉድ ዘይት! እሱ ጥርስ ውስጥ በየቀኑ የሚጨምረው፣ ክሊኒኩን ሁሉ የሚሸተው የገዛ መድኃኒቱ! በደስታ ጠረጴዛውን መታ። ከዚያ ወዲያ ማንም አላስቆመውም። ባሻን አደንዝዞ፣ አፉን ከፍቶ፣ መግሉን አፍስሶ ወይም ድንጋዩን አውጥቶ፣ እህቱ ሳትመጣ ምግብ ያስጀምረዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ነርሷ አስታወሰችው፤ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ አንድ የታክሲ ሹፌር መንጋጋ ጥርሱን ሊነቀል መጣ። ሐኪሙ መርፌውን ወጋውና ድዱ እስኪደነዝዝ ጠብቅ አለው። በዚያች መሃል ወደ ማረፊያ ክፍሉ ብቅ ሲል ባሻ አሸዋው ላይ በጎኑ ተጋድሞ አየ። እንቅልፋም ስለሆነ ነው እንዳይል፣ የሚያድነው ትንሽ ዓሣ ሳጥኑ ውስጥ የለም። መረቡን አነሣ።

ሹፌሩ ወንበሩ ላይ በጀርባው እንደተኛ፣ ሐኪሙ ነጠብጣብ ያለበት ዓሣ በሳህን ውሃ ይዞ ሲገባና ጎኑ ያለው ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጠው አየ። ዘይት ጠብ ሲያደርግበት፣ ዓሣው ቀስ በቀስ ዝልፍልፍ ሲል፣ መብራቱ ከእሱ አፍ ወደ ዓሣው ሲዞር አየ።

«ዶክተር» አለ፣ ግማሽ ምላሱ ደንዝዞ እየተኮላተፈ፣ «እኔን አደንዝዘው ዓሣ ሊነቅሉ ነው?»

«አንድ ደቂቃ ብቻ፣ የኔ ወንድም። የእሱ ይብሳል።»

«ተራው የኔ ነበር።»

«እሱ ሳምንታት ቆይቷል» አለች ነርሷ፣ በባሻ ጉንጮች ላይ ውሃ እያንጠባጠበች።

ሐኪሙ እርጥብ ጓንት አደረገ። በጣቱ ጫፍ የታችኛውን መንጋጋ ጫን አለና ትንሿን መስታወት በቀስታ አስገባ። መግል ጠበቀ። ድንጋይ ጠበቀ። ያየው ግን ዓይን ነው። አንድ ሁለት አይደለም፤ አፉን ጢም አድርገው የሞሉ፣ የሰናፍጭ ቅንጣት የሚያህሉ ጥቋቁር ዓይኖች፣ ሁሉም ወደ እሱ አፍጥጠው። ስንት ዘመን የሰው አፍ ውስጥ ሲያይ ኖሯል፤ አፍ መልሶ ሲያየው ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር። ክው ብሎ ቀረ።

«ምንድን ነው?» አለች ነርሷ።

«ልጆች» አለ ሐኪሙ። «ልጆች ናቸው።»

አፉን ከደነውና ንጹሕ ውሃ ወደ ሞላው ግልጽ የፕላስቲክ በርሜል አዛወረው። አየር የሚነፋውን ቱቦም አስገባለት። ቀና ሲል እህቱ በሩ ላይ ቆማለች። በአንድ እጇ ምርኩዝ፣ በሌላው ሻንጣ፣ አቧራዋን እንኳ አላራገፈችም። ከአውቶቡስ መናኸሪያ በቀጥታ መምጣቷ ነው። የገዛ ዓሣዋን፣ ጓንት ያጠለቀ ወንድሟን፣ መስታወቱን፣ አፉ የተጣመመውን ሹፌር ተራ በተራ አየቻቸው። እጅ ከፍንጅ ማለት ይህ ነው።

«በላ?» አለች።

ሐኪሙ ጓንቱን አወለቀ። ሊዋሽ የሚችልበት ቦታ አልቀረም፤ ደግሞም ደክሞት ነበር። «አልበላም፣ እታለም። ከሄድሽ ሳምንት ሳይሞላው ጀምሮ አልበላም። የነገርኩሽ ሁሉ ውሸት ነው። መንጋጋው ሲያብጥ መግል መሰለኝና አሁን አፉን ከፈትኩት። መግል አይደለም፤ ልጆች ናቸው። ባሻ ሴት ናት። ልጆቿን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የጾመችው።»

«አይሆንም» አለች አራሚዋ። ወገቧን ቀና አድርጋ ሽንጧን ገትራ ልትከራከር ተዘጋጀች። «ባሻ ወንድ ነው።»

«እታለም፣ ስለ ዓሣ አንቺ ታውቂያለሽ። አፍ ግን የኔ ነው።»

አራሚዋ ነርሷ የሰጠቻት ወንበር ላይ ተቀምጣ አፍንጫዋን በርሜሉ ላይ ለጠፈች። ባሻ ነፍስ ዘርታ ቀና ብላለች፤ ጉንጯ ስስ በሆነበት በኩል ጥቋቁር ነጥቦች ሲንቀሳቀሱ ይታያል። አራሚዋ ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ በተከፈተው በር አሻግራ ሙሽራውን አየች። ሙሽራው ምንም እንዳላደረገ ሰው አሸዋውን ይቆፍራል።

«አባትየው እሱ ከሆነ» አለች ቀስ ብላ፣ «እሷም እንቅልፋም አይደለችማ። ቀጭኔ ናት።» ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «በዘርም በጾታም ተሳስቼ ኖሬያለሁ ማለት ነው። ነጋዴው እንዳይሰማ።»

ነርሷ ወደ ግድግዳው ዞራ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሐኪሙ ግን ሳቅ አልመጣለትም። «ደንግጣ ብትውጣቸውስ?» አለ። «ሲደነግጡ እንደሚውጡ አንብቤያለሁ። ይህን ሁሉ ተሸክማ ቆይታ፣ በኔ ጣት ምክንያት...»

«ለምንድን ነው የዋሸኸኝ?» አለች እህቱ። ከበርሜሉ ዓይኗን አላነሣችም።

«ምን ልበልሽ? በሕይወትሽ አንድ ቀን፣ አንድ ነገር አምነሽ ሰጠሽኝ። ደውዬ እሱንም ገደልኩብሽ ልበልሽ?» ሹፌሩ መኖሩንም ረሳው። «የገዛ ዲግሪዬን እንኳ አታምኝኝም።»

ሹፌሩ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«የማላምንህ መስሎህ ነው?» አለች አራሚዋ። ምርኩዟን ጉልበቷ ላይ አጋደመችው። «እናታችን ስትደክም እጅህን ያዘችና እጄ ላይ አስቀመጠችው። ሌላ ቃል አልተናገረችም። ገና ልጅ ነበርኩ፤ ልጅ እንዴት እንደሚያድግ አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር ከለቀቅኩህ የምትጠፋ መምሰሉን ነው። እና አልለቀቅኩህም። ከዚያ በኋላ መልቀቂያው ጊዜ መቼ እንደሆነ የነገረኝ ሰው የለም፣ ማሙሽ።»

ሐኪሙ እንባውን ለመደበቅ በርሜሉ ላይ ጎንበስ አለ። ጎን ለጎን ሆነው ሲያዩ ባሻ ወደ ታች ዝቅ አለችና አፏን ከፈተች። አንድ ወጣ። ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ደመና። ከጥፍር የማይበልጡ፣ ዓይናቸው ብቻ ትልቅ የሆነ ብዙ ሕፃናት ውሃው ውስጥ ፈሰሱ፤ በየአቅጣጫው ትንሽ ትንሽ ሄዱ። ባሻ መሃላቸው ቆማ ክንፏን ታወዛውዛለች።

«ውይ» አለች አራሚዋ።

በዚያች ቅጽበት ሹፌሩ አነጠሰ። ያልተዘጋጁበት ትልቅ ማስነጠስ ነበር። ሕፃናቱ በሙሉ ወደ እናታቸው ፊት ተመሙ፣ እሷም አፏን ቦግ አድርጋ ከፈተች፤ ሁሉም ተግተልትለው ገቡና ግጥም። ውሃው ባዶ ሆነ። አራሚዋ መጀመሪያ እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ከዚያ ሳቀች፤ የተጠገነው ጉልበቷ እስኪንቀጠቀጥ፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ እስኪወርድ ሳቀች። ሐኪሙም ሳቀ። አልዋጠቻቸውም።

ሙሽራው አባትነቱን ረስቶ ልጆቹን እንዳይበላቸው እናትየዋ ለብቻዋ መቆየት ነበረባት፤ በርሜሉም ከሕክምና ክፍሉ ወደ ጓዳው መሄድ ነበረበት። አራሚዋ እጅጌዋን ሰብስባ ብድግ አለች። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች። እጅጌዋን መልሳ ዘረጋችና ተቀመጠች። «አንተ ውሰዳት» አለች። ሐኪሙ በርሜሉን አቅፎ ሲሄድ የበሩ ደፍ ላይ ተደናቀፈና ውሃ በጫማው ላይ ደፋ። አራሚዋ የወንበሩን እጀታ እንደጨበጠች ምንም አልተናገረችም። ነርሷ በኋላ እንደተናገረችው፣ ከቀዶ ጥገናው ይልቅ ይህ ሳይከብዳት አልቀረም።

ሹፌሩ መርፌው ስለለቀቀው እንደገና ተወግቶ ጥርሱ ተነቀለለት። አራሚዋንም በታክሲው ቤቷ ሊያደርሳት ሻንጣዋን አንሥቶ ወጣ። ስትሄድ መስኮቱ ተዘግቶ እንደሆነ አላየችም፣ ሶኬቱን አልነካችም፣ «ቶሎ ግባ» አላለችም። ዓሦቹ እሱ ዘንድ ይቆዩ አለች፤ «ሌላ አራስ ቤት የት አገኛለሁ?»

ሥራ አበቃ። ነርሷ ሄደች። ሐኪሙ ጓዳው ውስጥ በርሜሉ አጠገብ ተቀምጦ ስልኩን ጭኑ ላይ አደረገ። የተለመደው ሰዓት ደረሰ፤ ስልኩ አልጮኸም። አለፈ፤ አልጮኸም። ድምፁ ጠፍቶ እንዳይሆን ነካካው፤ አልጠፋም። ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው እምነት ይኸው መጥቶለታል። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ግን ቤቱ ጭር ያለበት ሰው ዓይነት ስሜት ተሰማው። ትንሽ ታግሎ ደወለ። ገና አንዴ ሳይጮህ ተነሣ።

«ደህና ገባሽ፣ እታለም?»

«ገባሁ። ከገባሁ ቆየሁ።»

«አልደወልሽም።»

«አመንኩህ እኮ» አለች። «እሱን አይደል የፈለግኸው?»

ሐኪሙ የሸበተ ፀጉሩን አሻሸ። «ነው» አለ። ከዚያ ማንም ባይኖርም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ብትደውዪስ ግን ምን አለበት?» አለ።

«ስልኩን እጄ ላይ ይዤ ነው እኮ የተቀመጥኩት፣ ማሙሽ» አለችው። «ቤት ከገባሁ ጀምሮ።»